በክረምት ወራት ስለ አውቶሞቢል አጠባበቅና አነዳድ

ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ወደ ገበሬው የሚደርስበት፥ የእንስሳት ሐኪምና የእርሻ ባለሙያ በየወረዳው የሚዘዋወርበት ጊዜ፥ መንገዱ ከሚበላሽበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። በሐምሌ ወር ጭነት እንደ ያዘ በዋልካ መሬት ተይዞ ሦስት ቀን የቆመ መኪና፥ ጉዳቱ ለባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ ማሳውን አለስልሶ ጤፍ ለመዝራት የሚጠብቀውንም ገበሬ ይጎዳል። ስለዚህ አገር ገዥዎችና የወረዳ ሹማምንት፥ መኪና ያላቸውም ሰዎች ሁሉ፥ ነገሩን ለነጂው ብቻ ትተው መቀመጥ አይገባቸውም።

ከውጭ አገር የሚመጡ የአውቶሞቢል መጻሕፍት ስለ ክረምት ሲናገሩ የሚያስቡት ምድር በበረዶ የሚሸፈንበትን ወራት ነው፤ ስለ በረዶ ጎማና በጎማ ላይ ስለሚታሰር ሰንሰለትም አብዝተው ይጽፋሉ። የኢትዮጵያ ክረምት ግን ዝናብ፥ ጭቃ፥ ጎርፍና ጉም ስለ ሆነ፥ ከእነዚያ ምክሮች የሚጠቅመው ጥቂቱ ነው።

መኪናው የሚሰናዳው ዝናቡ ሳይጀምር፥ በግንቦት ነው። ጥርሱ ከ3 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጎማ በበጋ ቢያገለግልም፥ በእርጥብ አስፋልት ላይ ውሃውን ከሥሩ ማውጣት ስለማይችል በፍጥነት ሲነዱት ይንሳፈፋል፤ ያን ጊዜ መሪውም ፍሬኑም አይታዘዝም። የመስታወት መጥረጊያው ላስቲክ በበጋ ፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃልና መለወጥ አለበት። ናፍጣ ከበርሜል በሚቀዳበት ወረዳ ውሃ ከነዳጁ ጋር ይገባል፤ ስለዚህ ከነዳጅ ማጣሪያው ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ ቶሎ ቶሎ ማፍሰስ ያስፈልጋል። የራዲያተርም ነገር ችላ የሚባል አይደለም። በ3000 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነውና፥ ክዳኑ በደንብ የማይገጥም ራዲያተር በደጋ አቀበት ላይ ቶሎ ይፈላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ቁልቁለት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና ከ1000 ሜትር የሚበልጥ ዝቅታ ይወርዳል። 2000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1000 ሜትር ሲወርድ ክብደቱ የሚያመነጨው ኃይል፥ 50 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ነጂው መኪናውን በፍሬን ብቻ ከያዘው ይህ ሙቀት ሁሉ በአራቱ መንኮራኩሮች ፍሬን ላይ ይከማቻል፤ ሸራው ይግላል፥ የመያዝ ኃይሉም ይደክማል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ለብዙ ዓመት ያልተለወጠ ዘይት ውሃ አዝሎ ስለሚቆይ በዚህ ግለት ይፈላል፤ በቱቦውም ውስጥ እንፋሎት ስለሚሞላ፥ ፔዳሉ ሲረገጥ ያለ አንዳች ተቃውሞ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ስለዚህ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ይገባል።

መድኃኒቱ አሮጌና ቀላል ነው፤ አቀበቱን ሊወጡበት በሚችሉት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ ነው። ያን ጊዜ መኪናውን የሚይዘው ሞተሩ ይሆናል፤ ፍሬኑም አልፎ አልፎ ብቻ ተረግጦ ይለቀቃል። ማርሹ የሚገባው ከቁልቁለቱ አናት ላይ ነው፤ መኪናው ከፈጠነ በኋላ ዝቅተኛ ማርሽ ለማስገባት መሞከር አስቸጋሪ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ማርሹን አውጥቶ የሚወርድ ነጂ፥ ያተረፈው ጥቂት ሳንቲም፥ ያሰናበተው ግን ዋነኛውን ጠባቂ ነው። የተቃጠለ ሽታ ከተሰማ፥ በሰፊ ቦታ ቆሞ እስኪበርድ መጠበቅ ነው እንጂ በጋለው ፍሬን ላይ ውሃ ማፍሰስ ብረቱን ይሰነጥቀዋል።

ከወንዝ ዳር የሚደርሰው ጥፋት ብዙ ጊዜ ከችኮላ ነው። ጠዋት ደረቅ የነበረ ወንዝ፥ በስፍራው አንድ ጠብታ ሳይወርድ፥ በላይ አገር በዘነበ ዝናብ ሊሞላ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በድሬዳዋ ሌሊት የደረሰው የደቻቱ ጎርፍ ከሐረርጌ ደጋ የወረደ ውሃ ነበር፤ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱበት። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ትንንሽ መኪናዎችን ሊያንሳፍፍ ይችላል፤ በኃይል የሚወርድ 60 ሳንቲ ሜትር ውሃ ደግሞ አብዛኞቹን መኪናዎች፥ ፒክአፕንም ጭምር፥ ይወስዳል። የመኪናው መክበድ አያድንም። ወንዝ ዳር የደረሰ ሰው በውሃው ጠርዝ ላይ ድንጋይ አስቀምጦ ውሃው መጨመሩን ወይም መጉደሉን ይመልከት፤ የአካባቢውንም ሰው ይጠይቅ፤ ካልጎደለ ይደር። በጥልቅ ያልሆነና በረጋ ውሃ የተሻገረ መኪና ፍሬኑ ስለሚርስ፥ በዝግታ እየሄደ ፔዳሉን በቀስታ በመርገጥ ያድርቀው።

ዋልካ ሲርስ ያብጣል፥ በጎማውም ጥርስ ውስጥ ገብቶ ጎማውን ልሙጥ ያደርገዋል። በዚህ ላይ የነዳጁን ፔዳል አጥብቆ መርገጥ መኪናውን እንደ ማረሻ ወደ ታች ይቀብረዋል እንጂ አያወጣውም። የጎማውን ነፋስ ጥቂት መቀነስ፥ ድንጋይና ጭራሮ ከጎማው ሥር መነስነስ፥ በሁለተኛ ማርሽ በዝግታ መነሣት ይረዳል፤ ከወጡ በኋላ ነፋሱን መመለስ ግን አይረሳም። በጣርማ በር ጉምና በረዶ በሚወርድበት ስፍራ ደግሞ ረጅሙ መብራት ከጉሙ ተመልሶ የነጂውን ዓይን ይጋርዳልና አጭሩ መብራት ይብራ።

ከኋላ ወንበር ተቀምጦ «ንዳ፥ መሽቷል» የሚል ሹም፥ በመንገዱ ላይ ከጭቃው ያላነሰ መሰናክል ነው። ነጂው ወንዙን «አልሻገርም» ሲል ስሙ በቸልተኝነት እንዳይጻፍበት፥ ማዳበሪያውም አንድ ቀን ቢዘገይ ምክንያቱ እንዲሰማለት፥ ትእዛዙ አስቀድሞ ከአለቃው ሊሰጠው ይገባል። በየወረዳው መኪና ውስጥም አካፋ፥ ጠንካራ ገመድ፥ ክሪክና ክሪኩ በጭቃ እንዳይሰምጥ የሚያርፍበት ሰፊ ሳንቃ፥ ማዳበሪያውም ከእርጥበት እንዲጠበቅ የሚሸፈንበት ሸራ ሳይጎድል እንዲገኝ፥ ንብረት ያዡ ከሰኔ እስከ መስከረም በየሳምንቱ ይመርምር።