መክረሚያ ቤት፦ ጉዛራ ከፎገራ ሜዳ በላይ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ወረታን አልፎ፣ የርብን ድልድይ ተሻግሮ፣ አዲስ ዘመንን ከኋላው ትቶ እንፍራዝ አካባቢ ሲደርስ በኮረብታ አናት ላይ አንድ የድንጋይ ግንብ ያያል። ቀና ብሎ ካየ ነው። ብዙው ሰው ግን ልቡ ቀድሞት ጎንደር ስለ ገባ ጉዛራን ከመኪናው ሳይወርድ ተሰናብቶ ያልፋል። ለቆመውም የሚነገረው አጭር ነው፦ ዐፄ ሠርጸ ድንግል ያሠሩት፣ የፋሲልን ግንብ በግማሽ ምዕት ዓመት ገደማ የሚቀድም፣ የጎንደር ግንቦች መነሻ። አነጋገሩ ሐሰት የለበትም፤ ጉዳቱ ጉዛራን የሌላ ቤት ደጃፍ ማድረጉ ነው። ደጃፍ ደግሞ ታልፎ የሚገባበት እንጂ ተቁሞ የሚታይ ነገር አይደለም። እኔ የምለው፣ ጉዛራን በቅጡ ማየት የሚቻለው በራሱ ስም፣ እንደ መክረሚያ ቤት ሲታይ ነው፤ በገጠር፣ ከሜዳ በላይ፣ ለአንድ ወቅት ኑሮ የተሠራ የንጉሥ ቤት።

«እንዴት ከረምክ?» ስንባባል ክረምትን ማስታወሳችንን ረስተነዋል። በድሮው ቤተ መንግሥት ግን መክረም የአገዛዝ ቃል ነበር። ንጉሡ በበጋ ይዘምታል፣ ግብር ያስገባል፣ ይፈርዳል፤ ቤቱ ድንኳን ነው። ድንኳኑ የተተከለበት ሰፈር ከተማ ይባላል፤ ንጉሡም እዚያ ከተመ ይባላል። ሰኔ ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ ሠራዊቱ ለእርሻው ወደየአገሩ ይበተናል፤ ያን ጊዜ ንጉሡ አንድ ቦታ መርጦ ይከርማል። የዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ንጉሡ የት እንደ ከረመ ሳይመዘግቡ ማለፍ አይወዱም፤ የዓመቱ ሥራ የሚቋጨውም እንደገና የሚጀመረውም እዚያ ነውና። ሠርጸ ድንግል (የነገሡት ከ1563 እስከ 1597 ነው፤ እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የመንግሥቱ ክብደት ከግራኝ ጦርነት በኋላ ከሸዋ ወደ ጣና ዙሪያ በተዛወረበት ዘመን ነበሩ። ዜና መዋዕላቸው በእንፍራዝ፣ ጉባኤ በሚባለው ስፍራ መክረማቸውን ይናገራል። በአንድ አገር ደጋግሞ የሚከርም ንጉሥ አንድ ቀን ድንኳኑን በድንጋይ ቢለውጠው የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀው ያንን ድንጋይ የት እንዳስቀመጠው ነው።

ይህን ለማየት ከታች፣ ከሜዳው መጀመር ይሻላል። የፎገራ ሜዳ ከጣና በስተ ምሥራቅ ተዘርግቶ፣ ከባሕር ጠለል 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው ሜዳውን አቋርጠው ሐይቁ ይገባሉ፤ በክረምት ደግሞ ከአፋቸው ሞልተው ሜዳውን ያለብሱታል። ጥቁሩ አፈር ውሃውን ይዞ ይቆያል። ውሃው ሲሸሽ የሚታረሰውን መሬት የአገሩ ሰው «ባሕር ሸሽ» ይለዋል፤ ስሙ ራሱ የሜዳውን የዓመት ሥርዓት ይናገራል። በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት ያደገው በዚሁ ረግረግ ግጦሽ ነው። ዛሬ ወረታ የአገር አቀፍ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከል ያላት ከተማ ናት፤ ከግማሽ ምዕት ዓመት በፊት ገበሬው የማያውቀው ሩዝ ሜዳውን የያዘው፣ ሌላው እህል የሚሸሸውን ውሃ ስለሚወድ ነው። ከዛሬ 450 ዓመት ገደማ በፊት ያ ውሃ ሌላ ሥራ ነበረው። ንጉሡ ክረምቱን ከኮረብታው ላይ ሲቀመጥ ከበስተ ደቡብ የሞሉ ወንዞች፣ ከበስተ ምዕራብ ሐይቁ ያጥሩታል። ከቆላው ወባ ከፍ ብሎ፣ ከደጋው ብርድ ዝቅ ብሎ ይኖራል። በጋ ሲገባ ደግሞ ያው ሜዳ ለፈረሱም፣ ለበቅሎውም፣ ለእርዱ በሬም ሣር ይዞ ይጠብቀዋል። ቤቱን ያለ ሜዳው መጎብኘት ማለት እንግዲህ ማድ ቤቱን፣ በረቱንና አጥሩን ሳያዩ መሄድ ነው።

የእንፍራዝ ምቾት የአንድ ንጉሥ ግኝት ሆኖ አልቀረም። በ1699 ጎንደር ደርሶ ቀዳማዊ ኢያሱን ያከመው ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ፣ እንፍራዝ ከጎንደር ብታንስም ይበልጥ ደስ የምታሰኝ፣ ቤቶቿ በአረንጓዴ አጥር የተለያዩ ከተማ መሆኗን ጽፏል፤ እስላም ነጋዴዎች ዝባድ ይነግዱባትም ነበር። ከሠርጸ ድንግል 100 ዓመት በኋላ፣ ዋና ከተማዋ ጎንደር ከሆነች ወዲህ እንኳ፣ ቦታው አልተራቆተም።

አሁን ወደ ሕንፃው። ጉዛራ ሞላላ፣ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ነው፤ ከአካባቢው ጥቁር ድንጋይ በኖራ የተገነባ፣ ማዕዘኑ በክብ ግንብ የተያዘ፣ ጣሪያው ሰው የሚመላለስበት ሰገነት። ኑሮው ከላይ ነው፤ ምድር ቤቱ ለጓዝና ለአገልጋይ፣ ላይኛው ለእልፍኝና ለአዳራሽ። ይህ አሠራር በዚያው ዘመን ከዚህ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ከተሠሩ ቤቶች ጋር ቢስተያይ ይበልጥ ይገባል። ሠርጸ ድንግል በነገሡባቸው ዓመታት በእንግሊዝ ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ነግሣ ነበር፤ መኳንንቷም በገጠር ርስታቸው ላይ ሰው ዛሬ ቲኬት ቆርጦ የሚጎበኛቸውን ታላላቅ ቤቶች እየሠሩ ነበር። ሎንግሊት በ1580 ገደማ ተጠናቀቀ፤ ሃርድዊክ ከ1590 እስከ 1597 ተሠራ፤ ያለቀውም ሠርጸ ድንግል በሞቱበት ዓመት ነው። በሃርድዊክም የክብር አዳራሾቹ ከሁሉ በላይኛው ፎቅ ላይ ናቸው። በሎንግሊት ጣሪያ ላይ እንግዶች ከግብር በኋላ ወጥተው ጣፋጭ እየቀመሱ አገሩን የሚያዩባቸው ትንንሽ የግንብ ክፍሎች አሉ። ጌታው ከፍ ብሎ የሚያየው መሬት የሚያበላው መሬት መሆኑ በሁለቱም አገር አንድ ነው። የሚለያዩት በወቅት ነው። ኤልሳቤጥ በበጋዋ ከለንደን ወጥታ ከመኳንንቷ ቤት ወደ መኳንንቷ ቤት ትዞር ነበር፤ የእኛ ንጉሥ በበጋ ዞሮ በክረምት ይቀመጣል። የእንግሊዙ ገጠር ቤት ንግሥቲቱን በእንግድነት ይጠብቃል፤ ጉዛራ ግን ባለቤቱን ራሱን ነው የሚጠብቀው።

ይህን የሚሰማ ሰው ቶሎ የሚያነሣው ጥያቄ አለ፦ ክብ ግንብ ያለው፣ በኮረብታ አናት የተቀመጠ ሕንፃ ምሽግ እንጂ ምኑ ቤት ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዘመኑም የጦርነት ዘመን ነበር፣ ሠርጸ ድንግልም ዘመናቸውን በዘመቻ ያሳለፉ ንጉሥ ናቸው። ነገር ግን የንጉሡ መከታ ግድግዳው አልነበረም፤ በዙሪያው የሚሰፍረው ሰው ነበር። የድንኳን ከተማው ከንጉሡ ወደ ውጭ ተራ በተራ፣ እያንዳንዱ ሹም በቦታው የሚተከልበት ሥርዓት ነበረው፤ ጠላት እልፍኙ ከመድረሱ በፊት ሠራዊቱን ማለፍ አለበት። ያ ሠራዊት የተሸነፈበት ንጉሥ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ውስጥ ገብቶ ቢዘጋ የትም አይደርስም። ግንቡ ታዲያ ለምን ተሠራ? በእንግሊዝ ጥርስ ያለው ግድግዳ ለመሥራት የንጉሥ ፈቃድ ይጠየቅ ነበር፤ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ፈቃዱ ከመከላከያነቱ ይልቅ የማዕረግ ምልክት ሆኖ ይፈለግ ነበር። የጉዛራ ክብ ግንቦችም በሩቅ የሚያይ ሰው የማን ቤት እንደ ሆነ ሳይጠይቅ እንዲያውቅ ያደርጋሉ። ከሜዳው ቀና የሚል እረኛ ማየት ያለበት ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከኖራ ይነሣል፤ እኔም ከሁሉ የሚከብደኝ እሱ ነው። የኢየሱሳውያኑ ሚሲዮናዊ ማኑኤል ደ አልሜይዳ እንደሚለው ኖራ በኢትዮጵያ የታወቀው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1620ዎቹ ገደማ ነው፤ የሱስንዮስ ቤተ መንግሥት በደንቀዝ የተሠራውም በዚያ ኖራ ነው። እንዲህ ከሆነ ሠርጸ ድንግል ከዚያ 40 ዓመት ቀድመው በኖራ እንዴት ሠሩ? አንዳንድ አጥኚዎች ከዚህ ተነሥተው የዛሬው ሕንፃ በኋለኛ ንጉሥ የተሠራ ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ አልሜይዳ የወገኖቹን ሥራ ማጉላቱ ነው ብለው ይመልሳሉ። ነገሩ በድንጋዩ ምርመራ እንጂ በክርክር አይቋጭም። ሆኖም ክርክሩ የሚነካው የሠሪውን ስም እንጂ የቤቱን ዓይነት አይደለም። ሠሪው ሠርጸ ድንግልም ይሁኑ ተከታዮቻቸው፣ ቤቱ የቆመው ነገሥታቱ ይከርሙበት በነበረው አገር፣ ለመክረም በሚመች ከፍታ ላይ ነው። ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነገረው «የፖርቱጋል ግንብ» የሚለው ስም ግን ማስረጃው ደካማ ነው። በ1541 ከክሪስቶፎ ዳ ጋማ ጋር የመጡት ወታደሮች ዘር በጣና ዙሪያ መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ነፍጠኛ መሆን ግንበኛ አያደርግም። ትልቁ የፋሲል ግንብም የቆመው ኢየሱሳውያኑ ከአገር ከተባረሩ በኋላ ነው፤ በ1648 ጎንደር የደረሰው የየመን መልእክተኛ አል ሐይሚ የቤተ መንግሥቱን ሠሪ ሕንዳዊ ይለዋል። ሙያ በቀይ ባሕር በኩል ከብዙ አቅጣጫ ይገባ ነበር። ቦታውን የመረጠው፣ የዓመቱን ሥርዓት የደነገገው፣ ድንጋዩን የጠረበውና የተሸከመው ግን ከውጭ አልመጣም።

የእንግሊዙን ምሳሌ አብዝተን ከገፋነው ደግሞ ይሰበራል፤ የሚሰበርበትም ቦታ አስተማሪ ነው። ያ ቤት የቆመው በርስት ላይ ነው። አባት ለልጅ ያወርሰዋል፤ ልጅ አንድ ክንፍ ይጨምርበታል፣ የልጅ ልጅ መስኮቱን ያሰፋዋል፤ ጎብኚው በአንድ ጣሪያ ሥር 400 ዓመት ይመላለሳል። የኢትዮጵያ ንጉሥ ቤት የሚቆመው በሹመት ላይ ነው። የሚቀጥለው ንጉሥ የቀደመውን ቤት እንዲያከብር እንጂ እንዲኖርበት አይገደድም፤ ሱስንዮስ ደንቀዝንና ጎርጎራን፣ ፋሲል በ1636 ጎንደርን መረጡ። ነገሥታቱ በአንድ ቦታ ከረጉም በኋላ ልማዱ አልጠፋም። በጎንደር የፋሲል ግቢ ዮሐንስ፣ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋና ምንትዋብ የየራሳቸውን ሕንፃ አቁመዋል። እንግሊዛዊው ክንፍ በሚቀጥልበት ጊዜ የእኛው ሌላ ቤት ከጎን ያቆማል፤ በአንድ አጥር ውስጥ የተሰበሰበ የድንኳን ከተማ ማለት ነው፣ ድንኳኑ ብቻ ድንጋይ ሆኗል። የመክረሚያው ፍላጎትም እንዳለ ነው የቀጠለው፤ በደብረ ታቦር አካባቢ አሪንጎ፣ በጎጃም ይባባ፣ የጎንደር ነገሥታት ከከተማው ወጥተው የሚቀመጡባቸው ቤተ መንግሥቶች ሆነው በዜና መዋዕሎቻቸው ደጋግመው ይነሣሉ። ከወረታ ቢነሡ መንገዱ ሁለት ነው፤ ወደ ሰሜን ጉዛራ፣ ወደ ምሥራቅ በደብረ ታቦር በኩል አሪንጎ። ሰላም ሲሆን፣ ወረታ ለሁለቱም መነሻ የምትሆን ከተማ ናት፤ እኔ እስከማውቀው እስካሁን ማንም እንደዚያ አድርጎ አላስተዋወቃትም።

«ባዶ ግድግዳ ምን ይታይበታል?» የሚለው የመጨረሻው ተቃውሞ ነው። በእንግሊዝ ቤቶች አልጋው፣ ሥዕሉ፣ ሳሕኑ በቦታው ነው። እዚያ ጉብኝት ዘመናዊ ፈሊጥ እንኳ አይደለም፤ በ18ኛው ምዕት ዓመት የቤቱ ዋና ሠራተኛ ጉርሻዋን ተቀብላ እንግዳን ክፍል ለክፍል ታዞር ነበር። በጉዛራ የሚዞርበት ክፍል ቢኖርም የሚታይ ዕቃ የለም። ግን ባዶነቱ ራሱ ከታሪኩ ነው። በእኛ ቋንቋ አልጋ መኝታም ዙፋንም ነው፤ ሁለቱም ተጠቅልለው በበቅሎ ይጫኑ ነበር። መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያቆም ምንጣፉ፣ መጋረጃው፣ አልጋው ከንጉሡ ጋር ይወጣል፤ ቤቱም እስከሚቀጥለው ሰኔ ባዶውን ይቆያል። ዛሬ ጎብኚው የሚያየው በበጋ የነበረውን ጉዛራ ነው። የሚያስፈራው ዕቃው አለመኖሩ ሳይሆን ጥገናው ነው፤ በጎንደር ጣሊያን በኖራ ምትክ ሲሚንቶ ተጠቅሞ ያበላሸውን ለማስተካከል ብዙ ተደክሟል፤ ጉዛራን የሚነካ እጅም ኖራን የሚያውቅ መሆን አለበት።

ለጉብኝት የሚሻለው ወቅት መስከረም ነው፤ ዝናቡ አብቅቶ ውሃው ገና ከሜዳው ያልሸሸበት። የሚሻለውም ሰዓት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይዋ በሐይቁ በኩል ስለምትወርድ። ከኮረብታው ላይ ሆኖ ሜዳው የት አብቅቶ ባሕሩ የት እንደሚጀምር ለመለየት መሞከር፣ ቤቱ ለምን እዚያ እንደ ቆመ ከማንኛውም አስጎብኚ ቃል በላይ ያስረዳል። ከዚያ በኋላ ጎንደር መሄድ ነው። እዚያ ከፋሲል ግንብ ጣሪያ በላይ የሚወጣ አራት ማዕዘን ግንብ አለ፤ ሰማዩ በጠራ ቀን ከአናቱ ጣና ይታያል ይባላል።