የእናታችን ድምፅ እንዴት ነው እኛ ጋ የሚደርሰው?

ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ እንረፍና በየቀኑ ስለምንጠቀምበት ነገር ላውራችሁ፤ ስለ ድምፅ።

ባለፈው ሳምንት እዚህ ዋሽንግተን፣ ኤርፖርት ተራ እየጠበቅኩ እማዬ ጋ ደወልኩ። መስኮቱ ክፍት ነው፣ አውሮፕላኑ ይጮኻል፣ እኔ ደግሞ ኤርፎኑን እስከመጨረሻው ለቅቄዋለሁ። «ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው የምትጮኸው?» አለችኝ። ለካ እየጮህኩ ነው!

ድምፅ ማለት ንዝረት ነው። እጃችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጋችሁ አውሩ፣ ይሰማችኋል። ያ ንዝረት አየሩን እየገፋ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ደግሞ 11 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድምፁ መንገድ ላይ ባይጠፋ እንኳ፣ የእማዬ «ሄሎ» እኔ ጋ ለመድረስ ከ9 ሰዓት በላይ ይፈጅበት ነበር። ስለዚህ እንደ ትራንዚት መንገደኛ መኪና ይቀያይራል።

መጀመሪያ የስልኳ ማይክ ውስጥ ያለች ስስ ሽፋን በድምፁ ትንቀጠቀጣለች፤ እንቅስቃሴዋ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል። ስልኩ ያንን ወደ ቁጥር ይቀይረዋል፤ በመደበኛ ስልክ በሰከንድ 8,000 ጊዜ እየለካ ማለት ነው። ቁጥሩ በሬዲዮ ሞገድ እስከ ታወር፣ ከዚያ በባሕር ሥር ገመድ ብርሃን ሆኖ ይመጣል። እኔ ጋ ሲደርስ እንደገና ኤሌክትሪክ ይሆንና ኤርፎኑ ውስጥ ማግኔት አጠገብ ያለውን ጥቅል ሽቦ ያንቀሳቅሳል። ሽቦው ሽፋኑን፣ ሽፋኑ አየሩን ይገፋል። በቃ፣ ድምፅ ሆነ!

አንድ ነገር ልብ በሉ። መደበኛው ስልክ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ሄርዝ ያለውን ብቻ ነው፤ ወፍራሙና ቀጭኑ ይቆረጣል። በካርድ ስትደውሉ የእናታችሁ ድምፅ ተለወጠብኝ፣ አሟት ይሆን ብላችሁ ወዲያው አትደንግጡ። በኢንተርኔት መልሳችሁ ደውሉ፤ ኔትወርኩ ጥሩ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የበለጠ ጠርቶ ይሰማል።

ግን ጉዞው ኤርፎኑ ላይ አያበቃም። የመጨረሻዋ መቀየሪያ ጆሯችን ናት። ታምቡሩ ይንቀጠቀጣል፣ ሦስት ትናንሽ አጥንቶች ንዝረቱን ወደ ውስጥ ያሻግሩታል፣ እዚያ ያሉ 15 ሺህ ገደማ ጸጉር መሰል ህዋሳት ደግሞ ለአንጎል ወደሚላክ የኤሌክትሪክ መልእክት ይለውጡታል። ስልክ ቢበላሽ ትገዛላችሁ፤ ማይክም ይቀየራል። እነዚህ ህዋሳት ግን አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። መለዋወጫ የላቸውም!

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በ80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው። በ90 ሲሆን ግን ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። ምክንያቱም በየ3 ዴሲቤሉ የድምፁ ኃይል እጥፍ ይሆናል። ታክሲ የምንነዳ፣ መጋዘንና ፋብሪካ የምንሠራ፣ ሰው ቤት ቫኪዩም ስናደርግ የምንውል ሰዎች ጫጫታውን ለመብለጥ ድምፅ እንጨምራለን፤ ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ድምፁን ከመጨመር ጫጫታውን መሸሽ ይሻላል። ካወራችሁ በኋላ ጆሯችሁ ጭው ካለ አብዝታችኋል ማለት ነው፤ ጭውታው ከቆየ ደግሞ ሐኪም ይየው።

እኔ በማግስቱ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ድምፁን ግማሽ ላይ አደረግኩ፣ ደወልኩ። «እማዬ፣ አሁንስ እየጮህኩ ነው?» አልኳት። «አሁን ገና ሰው ሆንክ» አለችኝ።

ጆሯችሁን ጠብቁ፤ ገና ብዙ የምንሰማው ድምፅ አለን። ቸር ያሰማን!