አሮጌ የጦር ጠመንጃ፦ መጀመሪያ ይነበባል፣ ኋላ ይተኮሳል

አንድ አገር ሠራዊቱን በአዲስ መሣሪያ ሲያስታጥቅ አሮጌው መጋዘን ይገባል። ኋላም ገሚሱ ይቀልጣል፣ ገሚሱ ለነጋዴ ይሸጣል። የእነዚህ ጠመንጃዎች ዋና ገበያ አሜሪካ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ ጠመንጃዎችም እዚያ ገብተው ለሰብሳቢዎች ቀርበዋል፦ የፈረንሳዩ ውጅግራ፣ የጣሊያኖቹ ቬተርሊና ካርካኖ፣ የቤልጅጉ ማውዘር። አሜሪካ ያለ ወገናችን ከእነዚህ አንዱን ለመግዛት ቢያስብ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። አሮጌ ጠመንጃ ከሁሉ በፊት ሰነድ ነው፤ የሚተኮሰውም በሚገባ ተነብቦ ካበቃ በኋላ ነው።

ሕጉ

እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ከሠራዊት የወጡ ጠመንጃዎች ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ ከለከለ። በ1984 ግን ለቅርስነት የሚሰበሰቡት እንዲገቡ ተፈቀደ። በሕጉ መሠረት 50 ዓመት የሞላውና የቀድሞ ይዞታውን የጠበቀ ጠመንጃ በዚህ ክፍል ይመደባል። እስከ 1898 ድረስ የተሠራው ደግሞ ጥንታዊ ይባላል፤ የፌዴራሉ ሕግም እንደ ተራ ጠመንጃ አይቆጥረውም። ለሰብሳቢዎች የተዘጋጀ ፈቃድ አለ። ክፍያው ለሦስት ዓመት 30 ዶላር ሲሆን፣ ባለፈቃዱ የገዛውንና የሸጠውን ሁሉ በመዝገብ ማስፈር ግዴታው ነው። በጊዜያዊ ቪዛ የሚኖር ሰው ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ጠመንጃ መያዝ አይፈቀድለትም። የየክፍለ ግዛቱ ሕግም ስለሚለያይ ከመግዛት በፊት ማጣራት ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ጉዳዩ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ያለ ፈቃድ መያዝ ያስጠይቃል።

ብረቱን ማንበብ

ልምድ ያለው ሰብሳቢ ጠመንጃ ሲያነሳ በቅድሚያ ባዶ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ከዚያ ማኅተሙን ይፈልጋል። ማኅተሙ የት ፋብሪካ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ለየትኛው ሠራዊት እንደተሠራ ይናገራል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከቤልጅጉ ኤፍ ኤን ፋብሪካ በመጡት ማውዘሮች ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጿል። በርሜሉ፣ መቀርቀሪያውና ሰደፉ አንድ ዓይነት ቁጥር ከያዙ ጠመንጃው ከፋብሪካ እንደወጣ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ቁጥሮቹ ከተለያዩ ክፍሎቹ አንድ ቦታ ላይ ተቀያይረዋል።

ከኢትዮጵያ ከሄዱት አንዳንዶቹ ሰደፋቸው ተሰንጥቆ በቆርቆሮና በምስማር የተጠገነ ነው። ያንን ቆርቆሮ ነቅሎ በአዲስ እንጨት መተካት ትልቅ ጥፋት ነው። መሣሪያውን ማን እንዴት እንደያዘው፣ ምን ያህል እንደተገለገለበት የሚመሰክረው ጥገናው ነውና። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ እንጨቱን ቫርኒሽ መቀባትም ያው ነው። ከመጋዘን ጀምሮ የተለቀለቀበትን ግራሶ ማጠብ ግን ጉዳት የለውም።

ከመተኮስ በፊት

መልኩ ያማረ ሁሉ አይተኮስም። የአሜሪካው ስፕሪንግፊልድ 1903 ጥሩ ምሳሌ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሠራተኞቹ ብረቱ በእሳት በቂ መጋሉን የሚለዩት በዓይናቸው፣ ቀለሙን አይተው ነበር። ፀሐይ በበረታበት ቀን የጋለው ብረት ደብዘዝ ብሎ ስለሚታይ ከልክ በላይ ይግላል፤ ከልክ በላይ የጋለው ደግሞ ተሰባሪ ይሆናል። በዚህ ምክንያት የተወሰኑት ጠመንጃዎች በተኳሹ እጅ ላይ ፈንድተዋል። ስለዚህም በስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ ከተሠሩት ቁጥራቸው ከ800,000 በታች የሆኑትን፣ በሮክ አይላንድ ፋብሪካ ከተሠሩት ደግሞ ከ285,507 በታች የሆኑትን ጠንቃቃ ሰው አይተኩስም።

የቬተርሊም ነገር ከዚህ አይርቅም። ጠመንጃው የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያን መሣሪያ ሲያጥራት በርሜሉን ቦርቡራ፣ ውስጡ ቀጭን ቱቦ ከታ የካርካኖን 6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት እንዲጎርስ አደረገችው። የዚያ ጥይት ኃይል ከአሮጌው መቀርቀሪያ አቅም በላይ ነው። እንዲህ የተለወጠ ቬተርሊ ቦታው ግድግዳ ላይ ነው። በዓድዋ ዘመን ሠራዊታችን የታጠቀው ባለ 11 ሚሊ ሜትሩ ውጅግራም የጥቁር ባሩድ ጠመንጃ ነው፤ በዘመናዊ ባሩድ በተሞላ ጥይት መተኮስ አደጋ አለው።

ቀሪዎቹንም ቢሆን ጠመንጃ ጠጋኝ ሳያያቸው መተኮስ አይገባም። ባለሙያው የሚለካው ዋና ነገር በመቀርቀሪያው ፊትና በጥይቱ መቀመጫ መካከል ያለውን ክፍተት ነው። ክፍተቱ ከሰፋ ቀለሁ ሲተኮስ ተለጥጦ ይቀደዳል፣ የጋለው ጋዝም ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። መለኪያዎቹ በትክክል የተሞረዱ ሁለት የብረት ቁርጥራጮች ናቸው። በአንዱ ላይ መቀርቀሪያው መዘጋት አለበት፤ በሌላው ላይ መዘጋት የለበትም። ከዚህ ሌላ በርሜሉ እንዳልተዘጋ፣ እንዳልተሰነጠቀና እንዳላበጠ ይታያል። የጥይቱ ዓይነትም መመሳሰል ብቻ አይበቃውም። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በኮሪያ የታጠቁት ኤም 1 ጋራንድ እንኳ ለአደን የተዘጋጀ ከባድ ጥይት ሲጎርስ መቀርቀሪያውን የሚገፋው ዘንግ ሊጎብጥ ይችላል።

ከተኮሱ በኋላ

ብዙዎቹ የድሮ ጥይቶች ማቀጣጠያቸው ፖታሲየም ክሎሬት አለበት። ጥይቱ ሲተኮስ በበርሜሉ ውስጥ ጨው ይቀራል፤ ጨው እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት ዝገት ያመጣል። ጨው በዘይት አይሟሟም፣ በውኃ ግን ይሟሟል። ስለዚህ በርሜሉ በዚያው ቀን በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከዚያ ዘይት ይቀባል። አንድ ሳምንት ቸል ማለት መቶ ዓመት የቆየውን በርሜል ያበላሻል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀለው፣ ብዙ ጊዜም የሚረሳው ሥራ ጽሑፍ ነው። የጠመንጃው ቁጥር፣ ማኅተሙ፣ ከማን እንደተገዛና ከየት እንደመጣ ተጽፎ ከፎቶግራፍ ጋር ይቀመጥ። በቤተሰብ የወረደ ሕጋዊ መሣሪያ ያለው ሰውም አያት ምንጅላት የት እንደታጠቁት ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ጠይቆ ይጻፍ። ማኅተሙ ፋብሪካውን ይናገራል፤ የታጠቀውን ሰው ስም የሚያውቁት ግን እነሱ ብቻ ናቸው።