ብረትም ይደክማል፦ ስለ ስስ ቧንቧዎች ብየዳ

የሕክምና ተማሪዎች ስለ ብየዳ መጻፋችን አንባቢያንን ያስገርም ይሆናል። ሆኖም ነገሩ ከሙያችን የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1855 ብራይትሃውፕት የተባለ የፕሩሲያ ጦር ሐኪም በረጅም ጉዞ የወታደሮች እግር እያበጠ እንደሚታመም ጽፎ ነበር። በኋላ ራጅ ሲፈለሰፍ፣ ምክንያቱ አንድ ከባድ ምት ሳይሆን በጫና መደጋገም የተሰነጠቀ አጥንት ሆኖ ተገኘ። ብረትም እንዲሁ ይደክማል። ልዩነቱ፣ አጥንት ዕረፍት ካገኘ ይጠገናል፤ ብረት ግን በራሱ አይድንም።

በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን የምንጠጣው ውኃ በአብዛኛው ከባሕር ተጣርቶ የሚገኝ ነው። ጀበል አሊን በመሳሰሉ የኃይልና የውኃ ማጣሪያ ጣቢያዎች እንፋሎትና ውኃ የሚያመላልሱት ብዙዎቹ ቧንቧዎች በብየዳ የተጋጠሙ ናቸው። ፓምፑ ያንቀጠቅጣቸዋል፤ ሙቀት ያስረዝማቸዋል፣ ቅዝቃዜ ያሳጥራቸዋል።

በድካም የሚመጣው ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከብየዳው ጠርዝ ነው። አንደኛ፣ ቅርጹ እዚያ ላይ በድንገት ስለሚለወጥ ጫናው ይከማቻል። ሁለተኛ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጉድለቶች ይቀራሉ። ሦስተኛ፣ የቀለጠው ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር፣ ሸክም ሳይመጣበት ውስጡ ተወጥሮ ይቆያል። በመሆኑም የበለጠ ጠንካራ ብረት መግዛት ብቻውን ብዙም አይረዳም።

ወሳኙ ከፍ ዝቅ የሚለው ጫና ስፋት ነው። ይህ በእጥፍ ቢያድግ የመጋጠሚያው ዕድሜ ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ይወርዳል። የስስ ግድግዳ አደጋም እዚህ ላይ ነው። ሁለት ቧንቧዎች ሲገጠሙ በ1 ሚሊ ሜትር ቢዛነፉ፣ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ግድግዳ ጫናው በ30 በመቶ ያህል ይጨምራል። በ3 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ግን ያው መዛነፍ ጫናውን እጥፍ ያደርገዋል። ስምንት ዓመት ማገልገል የሚችለው በአንድ ዓመት ያልቃል ማለት ነው።

ትንሽ ብየዳም አይናቅም። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1980 በሰሜን ባሕር አሌክሳንደር ኪላንድ የተባለው ተንሳፋፊ የነዳጅ ሠራተኞች መኖሪያ ተገልብጦ ከ212 ሰዎች 123ቱ ሞቱ። የአደጋው መነሻ በአንድ ትልቅ የብረት ቱቦ ላይ መሣሪያ ለመያዝ የተሠራ ትንሽ ብየዳ ነበር። መርማሪዎች በስንጥቁ ውስጥ ቀለም አገኙ፤ ቱቦው ሲቀባ ስንጥቁ አስቀድሞ ነበረ ማለት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቧንቧዎቹ ከመበየዳቸው በፊት ይስተካከሉ። በፓምፕ አጠገብ ያሉት ቀጫጭን ቅርንጫፎች ድጋፍ ይደረግላቸው። የብየዳው ጠርዝ ይለስልስ። ምርመራው ከቀለም በፊት ይሁን፤ ቀጭን ስንጥቅ ከራጅ ሊያመልጥ ስለሚችል በሌላ ዘዴም ይታይ። ጥፋትን ሁሉ በበያጁ ላይ መጣል ግን ትክክል አይደለም። ለማስተካከያና ለምርመራ ጊዜ የሚሰጠው ወይም የሚነፍገው አሠሪው ነው።

ነገ በአገራችን ፋብሪካ የምታቆሙ የምሕንድስና ተማሪዎች ይህን አስቡበት። በእንፋሎት የተቃጠለ ሠራተኛ ወደ እኛ ሲመጣ ማድረግ የምንችለው ውስን ነው። ማዳኑ የሚጀምረው ከእናንተ ዘንድ ነው።