ስለ ስልክ የሚነገሩ የወልና የተጸውዖ ስሞች፤ ለነጋዴ የሚሰጡት ጥቅም

አንድ የጋምቤላ ባለሱቅ በአዲስ አበባ ለሚገኝ አስመጪ «20 ሳምሰንግ ላክልኝ» ብሎ ቢጽፍ፣ አስመጪው ምን ሊልክለት ይገባል? ሳምሰንግ የተባለው የኮርያ ኩባንያ ስልክም፣ ቴሌቪዥንም፣ ማቀዝቀዣም የሚሸጥ ስለሆነ፣ ደብዳቤው የዕቃውን ሠሪ እንጂ ዕቃውን አልተናገረም። መንገዱም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በመሆኑ፣ ተሳስቶ የተላከው ዕቃ ተመልሶ እስኪለወጥ ድረስ የሚከፈለው የማጓጓዣ ኪራይ የባለሱቁን ትርፍ ይበላዋል። ስለዚህ ሰዋስው ለተማሪ ብቻ ሳይሆን ለነጋዴም እንደሚያስፈልግ ከዚህ በታች ባጭሩ እንገልጻለን።

የወል ስም ማለት አንድ ዓይነት ለሆኑ ነገሮች ሁሉ በኅብረት የሚሰጥ ስም ነው፤ ወንዝ፣ ከተማ፣ ስልክ እንደ ማለት። የተጸውዖ ስም ግን አንዱን ከብዙዎቹ ለይቶ ለመጥራት የሚሰጥ ነው፤ ባሮ፣ ጋምቤላ፣ ሳምሰንግ እንደ ማለት። በእንግሊዝኛ ጽሕፈት የተጸውዖ ስም በትልቅ ፊደል ስለሚጀምር ለዓይን ይለያል። የእኛ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ የለውምና ልዩነቱን የሚያስረዳው የጸሐፊው ጥንቃቄ ብቻ ነው። ይህም ጥንቃቄ በጋምቤላ ይልቁንም ያስፈልጋል፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም፣ ገዢውና ሻጩ አፋቸውን የፈቱት በኑዌር፣ በአኝዋ ወይም በመዠንግር ቋንቋ ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ጽሑፍ ግልጽ መሆን አለበት።

ስልክ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ሽቦ ማለት ነው። «መልእክት ስልክ» ከሚለው ግስ ጋር በፊደል መመሳሰሉ አጋጣሚ እንጂ ዝምድና አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1894 እ.ኤ.አ. ስልክ ወደ አገራችን ሲገባ ድምፁ የሚተላለፍ በሽቦ ነበርና ስሙ ተስማሚ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. አገልግሎቱ የተጀመረው ተንቀሳቃሽ ስልክ ግን ሽቦ ሳይኖረው ስሙን ወረሰ፤ ቃሉ የወል ስም ሆኖ ስለ ጸና ሽቦው ቢቀርም ስሙ አልቀረም። ሞባይል የሚለውም ቃል ተንቀሳቃሽ ማለት ስለሆነ በመጀመሪያ ቅጽል ነበር፤ ዛሬ ግን በገበያ ራሱን ችሎ እንደ ስም ይነገራል።

«ቴሌ» የሚለው ቃል ታሪክ ከዚህ ይለያል። በግሪክ ቋንቋ «ሩቅ» ማለት ሲሆን፣ በአገራችን ግን የአንድ ድርጅት መጠሪያ ሆኗል። ድርጅቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ኢትዮ ቴሌኮም ቢባልም ሕዝቡ ቴሌ ማለቱን አልተወም። አገልግሎቱን የሚሰጥ እርሱ ብቻ በነበረበት ጊዜ «የቴሌ ካርድ» እና «የስልክ ካርድ» ማለት አንድ ነበር። ሳፋሪኮም በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ሥራውን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ካርድ የሚሸጥ ባለሱቅ የማንኛው ድርጅት እንደሆነ ሊጠይቅ ይገባዋል። በሒሳብም ረገድ ቴሌብር በ2021፣ ኤም ፔሳም በኢትዮጵያ በ2023 እ.ኤ.አ. ሥራ ስለ ጀመሩ፣ «በስልክ ተከፍሏል» ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም። ክርክር ቢነሣ ገንዘቡ በማንኛው መዝገብ እንደሚገኝ አይታወቅምና።

የተጸውዖ ስም ወደ ወል ስም የሚለወጥበትም ጊዜ አለ። ባጃጅ የሕንድ ኩባንያ ስም ሆኖ ሳለ፣ እኛ ግን ባለ ሦስት እግሩን ተሽከርካሪ ሁሉ «ባጃጁ»፣ «ባጃጆች» እንላለን፤ የታሸገ ውሃንም፣ ሠሪው ማንም ቢሆን፣ «ሃይላንድ» የሚል ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ልማድ ለንግድ ምልክት ባለቤት አደገኛ ነው። ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ ያወጣው «አስፕሪን» የሚለው ስም፣ ሕዝቡ መድኃኒቱን ሁሉ በዚሁ ስም ስለ ጠራው፣ በ1921 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፍርድ ቤት የወል ስም ነው ተብሏል። ለባለሱቅም ጉዳት አለው፤ ደንበኛው የሠሪውን ስም ጠርቶ ሲጠይቅ የሌላ ሠሪ ዕቃ ቢሰጠው ተታለልሁ ብሎ ይከሳል።

እንግዲህ ደንቡ አጭር ነው። የወል ስም ዓይነቱን፣ የተጸውዖ ስም ሠሪውን ወይም ባለቤቱን ይናገራል፤ በማዘዣና በደረሰኝ ላይ ሁለቱም ይጻፉ። ለምሳሌ «ተንቀሳቃሽ ስልክ፣ ሳምሰንግ» ብሎ የሞዴሉን ስም፣ ቀለሙንና ብዛቱን ማስከተል ነው። ለክፍያ ደግሞ «በስልክ፣ በቴሌብር ተከፈለ» ብሎ የክፍያውን ቁጥር መጨመር ነው። ስልኩ ከተሸጠ በኋላ ለሚነሣ የዋስትና ጥያቄ፣ *#06# ሲደወል የሚታየውን ባለ 15 አሃዝ መለያ ቁጥር በደረሰኙ ላይ ማስፈር ይገባል፤ የሞዴሉን ስም ሺህ ስልኮች ይጋሩታል፣ ይህ ቁጥር ግን አንዱን ስልክ ከሌላው ይለያልና።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ማዘዣውን የሚጽፈው ግን ነጋዴው ራሱ ስለሆነ፣ አንድ ቃል ለመጨመር አይስነፍ።