ከተራራው ጥላ የወጣ ቀለም፦ የአርቲስት መሐመድ አሕመድ ኢብራሂም ሕይወትና አሠራር

በሻርጃ ኤሚሬት ሥር የምትተዳደረው የወደብ ከተማ ኾር ፈካን በምሥራቅ የኦማን ባሕረ ሰላጤ፣ በምዕራብ ደግሞ የሐጀር ተራሮች ያዋስኗታል። ነዋሪዎቿ ፀሐይ ከባሕሩ ላይ ስትወጣ ያያሉ፤ ስትጠልቅ ግን አያዩም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ትሰወርና ከተማዋ ገና በጊዜ በጥላ ትዋጣለች። እ.ኤ.አ. በ1962 በዚህች ከተማ የተወለዱት አርቲስት መሐመድ አሕመድ ኢብራሂም ይህን የልጅነት ትዝታ የሥራቸው መነሻ አድርገውታል።

አርቲስቱ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አልገቡም። በዩኒቨርሲቲ ያጠኑት ሥነ ልቦና ሲሆን፣ የሥዕልና የቅርፃ ቅርፅ ሙያን ያዳበሩት በራሳቸው ጥረት ነው። ይህ ማለት ግን ያለ አጋዥ ለብቻቸው ደከሙ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 በሻርጃ የሚገኘውን የኤሚሬቶች የሥነ ጥበብ ማኅበር ከተቀላቀሉ በኋላ፣ በለንደን ተምረው የተመለሱት ሐሰን ሸሪፍ የቅርብ ወዳጃቸውና የሥራ ባልደረባቸው ሆኑ። ሐሰን ሸሪፍ አርቲስት ብቻ ሳይሆኑ፣ ስለ ዘመናዊ ጥበብ የተጻፉ ጽሑፎችን ወደ ዓረብኛ የሚመልሱ ሰው ነበሩ። በመሆኑም ከጥቂት ባልደረቦች ጋር ማንበብ፣ መከራከርና አንዱ የሌላውን ሥራ መመርመር ለመሐመድ አሕመድ ኢብራሂም የመማሪያ ክፍል ሆነላቸው።

ጉዞው ቀላል አልነበረም። በዚያ ዘመን ከድንጋይ፣ ከሽቦና ከተጣለ ወረቀት የሚሠራን ነገር እንደ ጥበብ የሚቆጥረው ተመልካች ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 አርቲስቱ ለዓመታት ካከማቿቸው ሥራዎች ብዙዎቹን በእሳት አቃጠሉ። የእጃቸውን ፍሬ ወደ አመድ ቢለውጡም ከሙያው ግን አልወጡም፤ በዚያችው ከተማ፣ በዚያው ተራራ ሥር እንደገና ጀመሩ።

የሚከተሉት ስልት ቅይጥ ቁሳቁስ የሚባለው ነው፤ ተፈጥሯቸው የተለያየ ነገሮችን በአንድ ሥራ ውስጥ ማዋሐድ ማለት ነው። ከዋና ዋና ቁሳቁሶቻቸው አንዱ በዓረብኛ «ዓጂነት አልወረቅ» ይባላል፤ ቃል በቃል ሲተረጎም «የወረቀት ሊጥ» ነው። ወረቀት በውኃ ተነክሮ ይርሳል፣ ከማጣበቂያ ጋር ይታሻል፣ ከዚያም ቅርፁን በሚሸከም አጽም ላይ በእጅ ይለጠፋል። ሊጡ እርጥብ ሳለ ከባድ ስለሆነ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ከተደረበበት ይንሸራተታል። ስለዚህ አንዱ ሽፋን እስኪደርቅ ታግሶ ሌላውን መደረብ ግድ ይላል። ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል፤ አንዳንዴም ይጣመማል። እጅ ቁሳቁሱን የሚያዝዘውን ያህል ቁሳቁሱም እጅን ያዝዛል።

አርቲስቱ በአካባቢያቸው ያገኙትን ሁሉ ከዚህ ሊጥ ጋር ያዋሕዳሉ፤ አፈር፣ ቅጠል፣ ሻይ፣ ቡናና ትምባሆ ሳይቀር። እነዚህ ነገሮች ሲገቡበት ቀለሙ ከላይ የተቀባ ሳይሆን ከቁሳቁሱ ውስጥ የወጣ ይሆናል። በሌሎች ሥራዎች ላይ ደግሞ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ደምቀው ይታያሉ።

ሁለተኛው መለያቸው ድግግሞሽ ነው። ከተራራ የለቀሟቸውን ድንጋዮች አንድ በአንድ በመዳብ ሽቦ ጠቅልለዋል፤ በወረቀት ላይ ደግሞ ተመሳሳይ መስመሮችንና ምልክቶችን ደጋግመው ያሰፍራሉ። ከሩቅ ሲታይ ሁሉም አንድ ይመስላል። ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው ግን አንዱ መስመር ከሌላው ጥቂት እንደሚወፍር፣ የአንዱ ድንጋይ ጥቅል ከሌላው እንደሚጠብቅ ያስተውላል። በየዕለቱ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠራ ማንኛውም ሰው እንደሚያውቀው፣ የተደገመ ሥራ ፈጽሞ አንድ ዓይነት አይሆንም።

እነዚህ ሁለት መንገዶች በአንድነት የታዩት እ.ኤ.አ. በ2022 በ59ኛው የቬኒስ ቢየናሌ ነው። አርቲስቱ የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶችን ወክለው «በፀሐይ መውጫና በፀሐይ መጥለቂያ መካከል» የተሰኘ ሥራ አቀረቡ። ሥራው የሰው ቁመት ያህል የሆኑ 128 ቅርፃ ቅርፆች ተጠጋግተው የቆሙበት ነበር። ቅርፆቹ ዛፍ ወይም ሰው ይመስላሉ፤ ነገር ግን አንዱንም አይደሉም። ከአንዱ ዳር በደማቅ ቀለም ይጀምሩና በአፈርማ ቀለማት አልፈው ወደ ጥቁርና ነጭ ይደርሳሉ። ተመልካቹ በዚህ መንገድ የኾር ፈካንን አንድ ቀን፣ ከንጋቱ ድምቀት እስከ ተራራው ጥላ ድረስ፣ በዓይኑ ይከተላል።

ከቬኒስ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የሻርጃ የጥበብ ፋውንዴሽን የአርቲስቱን የብዙ ዓመታት ሥራ የሚያሳይ ሰፊ ኤግዚቢሽን አዘጋጅቶላቸዋል። በ2020 ደግሞ በሳዑዲ ዓረቢያ የአልዑላ በረሃ ውስጥ ከዓለት ሥር ያኖሯቸው ባለ ቀለም ድንጋዮች ለሕዝብ ታይተዋል። ሥራቸውን ለመመልከት ልዩ ዕውቀት አያስፈልግም። ጠጋ ብሎ ከምን እንደተሠራ መጠየቅ በቂ መነሻ ነው፤ መልሱም በአብዛኛው እዚያው ተራራ ሥር የተለቀመ ወይም በየቤቱ የሚገኝ ነገር ነው።