ለስኩተር ነጂዋ እናት፤ ከራስ እስከ እግር በአነስተኛ ወጪ

ማለዳ ልጅን ትምህርት ቤት አድርሶ፣ የሥራ ሰዓት ሳያልፍ ደርሶ፣ ማታ ደግሞ ወደ ገበያ ጎራ ብሎ ቤት መግባት ለከተማ እናት ምን ያህል ሩጫ እንደሆነ ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም። የታክሲ ሰልፍ የሰለቻቸው አንዳንድ እህቶቻችን በቤንዚን የሚሠራውን ወይም በኤሌክትሪክ የሚሞላውን ስኩተር መንዳት ጀምረዋል። ደግ አድርገዋል። ይሁን እንጂ ስኩተሩን ለመግዛት ዕቁብ ሲጠበቅና ከዘመድ ሲበደሩ ቆይተው፣ ለሚለበሰው ነገር ግን አምስት ሳንቲም ሳያስተርፉ መንገድ የሚወጡ ብዙዎች ናቸው። ምክንያታቸውን ሲጠየቁም፣ «መንገዴ ቅርብ ነው፤ ደግሞ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» ይላሉ።

እኔም እንዲሁ እል ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በነሐሴ ወር፣ ሌሊት የጣለው ዝናብ አስፋልቱን አርሶት ሳለ፣ ከሰፈራችን መታጠፊያ ላይ አንድ ታክሲ ድንገት ከፊቴ ቆመ። ፍሬን ያዝሁ፤ ስኩተሩ ከሥሬ ተንሸራተተ። ፍጥነቴ በብስክሌት ከሚሄድ ልጅ የሚበልጥ አልነበረም። ባለቤቴ ጨቅጭቆ የገዛልኝ ሄልሜት በጆሮዬ በኩል ተፋቀ እንጂ ራሴን ምንም አልነካኝም። ሁለቱ መዳፎቼ ግን ቆዳቸው ተገሽልጦ ጠጠር ገባባቸው።

ጎረቤታችን እትዬ ነርስ ናቸው። ጠጠሩን በወረንጦ አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ «አየሽ፣ ሰው ሲወድቅ አስቀድሞ የሚዘረጋው እጁን ነው። ራስሽን ሸፍነሽ እጅሽን ረሳሽው» አሉኝ። ለሃያ ቀን ያህል ሊጥ አላቦካሁም፤ ዕቃ አላጠብሁም፤ የልጄንም ፀጉር አልሠራሁም። እንዲያውም የሰባት ዓመቷ ልጄ ጠዋት ጠዋት የሹራቤን ቁልፍ ትቆልፍልኝ ነበር። ከጓንት ያተረፍኩት ገንዘብ ለመድኃኒትና ለፋሻ እንኳ አልበቃም።

ስለዚህ የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማ ገንዘብ በጣም ሳይወጣ ከራስ እስከ እግር እንዴት መልበስ እንደሚቻል ማመልከት ነው። ገንዘቡ ትንሽ ሲሆን ቅደም ተከተሉን ማወቅ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ነገር በአዲስነቱ መገዛት አለበት፤ አንዳንዱ ከሰልባጅ ይገኛል፤ አንዳንዱም ከቁም ሣጥንዎ ውስጥ አለ።

በቅድሚያ ራስ

«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» የሚለው አነጋገር ራስን አያድንም። አንድ ሜትር ተኩል ከሚሆን ከፍታ ላይ የወደቀ ነገር መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህም ማለት ስኩተርዎ ቆሞ ሳለ እንኳ በጎን ቢወድቁ ራስዎ አስፋልቱን የሚመታው በዚህ ፍጥነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የብዙ አገሮች ጥናቶች ማጠቃለያ፣ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ገልጿል። ስለዚህ ያለዎትን ገንዘብ ከሁሉ አስቀድመው እዚህ ላይ ያውሉ።

ሄልሜት ሲገዙ የሚከተሉትን ያስተውሉ። የአውሮፓን ደረጃ ያሟላ ከሆነ በማሰሪያው ላይ በተሰፋው ጨርቅ፣ በክብ ውስጥ የላቲን ፊደል «ኢ» ከነቁጥሯ ይታያል፤ ከሥሩ ያለው ረጅም ቁጥርም በ05 ወይም በ06 ይጀምራል። ከህንድ የመጣ ከሆነ የአይ.ኤስ.አይ. ምልክት፣ ከአሜሪካ ከሆነ ደግሞ «ዶት» የሚል ምልክት ይኖረዋል። ምልክት ግን በሐሰትም ሊለጠፍ ስለሚችል በእጅዎ ይመርምሩ። ከውስጡ ልብሱ ሥር ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ውፍረት ያለው ጠንካራ ፎም መኖር አለበት። ምቱን የሚውጠው የላዩ ቅርፊት ብቻ ሳይሆን ይህ ፎም ነው። ሲያነሡት ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላ፣ ውስጡም ለስላሳ ስፖንጅ ብቻ የሆነ ሄልሜት ከባርኔጣ አይሻልም። የግንባታ ሠራተኞች ቆብም ከላይ ለሚወድቅ ዕቃ እንጂ ለዚህ አልተሠራም።

ልኩን ለማወቅ የልብስ ሰፊ ሜትር ከቅንድብዎ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርገው በራስዎ ዙሪያ ያዙሩ። ሄልሜቱን አጥልቀው ራስዎን ግራና ቀኝ ሲነቀንቁ አብሮዎት መዞር አለበት። ማሰሪያውን ቆልፈው ከኋላ በኩል ወደ ፊት ሲገፉት ከወለቀ አይግዙት። የፀጉር ነገርም መረሳት የለበትም። ከፍ ብሎ የተቋጠረ ፀጉር ወይም ወፍራም ሹሩባ ሄልሜቱን ወደ ላይ ያነሣዋል። ለበዓል ፀጉር ብለው ትልቅ ቁጥር ከገዙ በአዘቦት ቀን ይላላል። ስለዚህ ሹሩባዎን ወደ ታች የሚወርድ ቀጭን ሥራ ያድርጉት፤ ከሥሩም ስስ የጥጥ ሻሽ ቢያስሩ ላቡን ይይዝልዎታል። ወደ ገበያ ሲሄዱም ዘወትር በሚሠሩት ፀጉር ይሂዱ።

በሰልባጅ የማይገዛው አንድ ነገር ቢኖር ሄልሜት ነው። አንድ ጊዜ ተመትቶ ከሆነ ፎሙ ተጨፍልቆ ሥራውን ጨርሷል፤ ይህም ከውጭ አይታይም። የእኔም ከዚያ ቀን በኋላ ተጥሏል። ሳይወድቁበትም ቢሆን በየአምስት ዓመቱ መለወጥ ይመከራል። ሲያጸዱት ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል፤ ቤንዚን፣ በረኪናና የቀለም ማቅጠኛ ያበላሹታል። አገጭን ጭምር የሚሸፍነው ዓይነት ግማሽ ራስ ብቻ ከሚሸፍነው ይመረጣል፤ የፊት መከለያው አቧራና ንፋስም ይከላከልልዎታል።

እጅና እግር

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት በካንቤራ አካባቢ አደጋ የደረሰባቸውን 212 ሞተር ነጂዎች መርምሮ ነበር። የሞተር ጓንት ያጠለቁት ሆስፒታል የመተኛት ዕድላቸው ካላጠለቁት ከግማሽ በታች ሆኖ ተገኝቷል። ለእኛ ኪስ የበለጠ ደስ የሚያሰኘው ስለ ጫማ የተገኘው ውጤት ነው። ለሞተር ተብሎ ያልተሠራ ተራ ቦት ጫማ እንኳ፣ ከአጭር ጫማ ወይም ከስኒከር ጋር ሲነጻጸር የእግርና የቁርጭምጭሚት ጉዳትን ከግማሽ በላይ ቀንሷል።

ስለዚህ በቤትዎ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጠንካራ የቆዳ ጫማ ወይም ከስክስ ካለ ሌላ አይግዙ። ሶሉ ቢያረጅ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስደው የማያንሸራትት ጎማ ያስመቱበት። የጫማ ክሩን ወደ ውስጥ መክተት ያስፈልጋል፤ መርገጫ ላይ ሊጠመጠም ይችላልና። ሸበጥና ነጠላ ጫማ አድርጎ መንዳት ግን ጣትን አሳልፎ መስጠት ነው። ታኮ ጫማዎን በቦርሳ ይዘው መሥሪያ ቤት ሲደርሱ መለወጥ ይችላሉ።

ጓንት ከቆዳ የተሠራ፣ መዳፉ ድርብ የሆነ፣ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ይሁን። ካሰሩት በኋላ በሌላው እጅዎ የጣቶቹን ጫፍ ይዘው ይሳቡ፤ ከወለቀ በአደጋም ጊዜ ይወልቃል። ለሞተር የተሠራው ካልተገኘ፣ ፍሬን ለመያዝ የማያስቸግር የቆዳ የሥራ ጓንት ማሰሪያ ተሰፍቶበት ያገለግላል። የሱፍ ጓንት ለብርድ እንጂ ለአስፋልት አይሆንም።

ጃኬትና ሱሪ

በሙከራ እንደታየው ተራ ጅንስ በአስፋልት ላይ ሲጎተት አንድ ሰከንድ ያህል እንኳ ሳይቆይ ሊበሳ ይችላል። ታይትና ናይለን ስቶኪንግ ደግሞ ከመቀደዳቸውም በላይ በሰበቃው ሙቀት ቀልጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ። ቀሚስ የሚያዘወትሩ እህቶች ከሥሩ ወፍራም ሱሪ ለብሰው፣ ቀሚሱን ሰብስበው ቢነዱ፣ ሲደርሱም ሱሪውን ቢያወልቁ ይሻላል።

የአገራችን የበግ ቆዳ ለስላሳና ጠንካራ በመሆኑ በዓለም ገበያ ለጓንት መሥሪያ ተፈላጊ ነው። ይሁን እንጂ ለጌጥ የሚሰፉት የበግ ቆዳ ጃኬቶች ውፍረት ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ለሞተር ነጂ የሚሰፋው የከብት ቆዳ 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ሰልባጅ ገበያ ውስጥ ጃኬት ሲመርጡ ቆዳውን በሁለት ጣትዎ ቆንጥጠው ውፍረቱን ይመልከቱ። ስፌቱ ድርብ መሆኑን፣ ብብቱና ትከሻው አለመሳሳቱን፣ እጅጌው ጫፍ ላይ የሚዘጋ መሆኑን ይመርምሩ። ሲቀመጡ ወገብ የማያጋልጥ ይሁን። ከላይ በጠቀስነው ጥናት ለሞተር ከተሠሩት ጃኬቶች እንኳ ከ100 ውስጥ 30 የሚጠጉት በአደጋው ጊዜ ስለተጎዱ፣ ስም ብቻ አይተው አይግዙ።

ክርንና ትከሻ ላይ የሚገባው መከላከያ ብቻውንም ይሸጣል፤ የአውሮፓው ደረጃ ቁጥር 1621 ተጽፎበታል። ልብስ ሰፊዎ ከጃኬቱ ገበር ላይ ኪስ አውጥቶ ሊሰፋልዎት ይችላል። ለጉልበትም በማሰሪያ የሚታሰረው መከላከያ ከሙሉ የሞተር ሱሪ በጣም ይረክሳል፤ ከሱሪ በላይ ታስሮም ያገለግላል። ሁለቱንም ሲያስለኩ ቆመው ሳይሆን እንደሚነዱ ሆነው ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ጉልበትና ክርን ሲታጠፉ ቦታቸው ይለወጣልና።

ነጠላና ጋቢ

ስለ ነጠላ ለብቻው መናገር ያስፈለገው አደጋው ከመውደቅ የተለየ ስለሆነ ነው። ዝነኛዋ አሜሪካዊት ዳንሰኛ ኢሳዶራ ደንከን እ.ኤ.አ. በ1927 በፈረንሳይ አገር ኒስ ከተማ የሞተችው፣ አንገቷ ላይ የጠመጠመችው ረጅም ሻርፕ በመኪና ጎማ ተጠምጥሞባት ነው። የእኛ ነጠላ ከዚያ ሻርፕ ይሰፋል፤ የስኩተር ጎማም ለጀርባችን ቅርብ ነው። በእሑድ ማለዳም ሆነ ወደ ለቅሶ ሲሄዱ ነጠላዎን አጣጥፈው ከመቀመጫው ሥር ባለው ሣጥን ያስቀምጡት፤ ሲደርሱ ይልበሱት። ከኋላ የምትቀመጥ ጓደኛዎም ይህንኑ ታድርግ። ሰፊ የዝናብ ካፖርትም እንደዚሁ ይጠመጠማል፤ ለክረምቱ ሱሪና ጃኬቱ የተለያየ የዝናብ ልብስ ይመረጣል።

መታየት

በአገራችን በጋም ክረምትም ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ይመሻል፤ ሠራተኛዋ እናት ወደ ቤት የምትመለሰውም ያን ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የኒውዚላንድ ጥናት፣ አንጸባራቂ ወይም ደማቅ ልብስ የለበሱ ሞተር ነጂዎች ለአደጋ ያላቸው ተጋላጭነት በ37 በመቶ ያነሰ መሆኑን፣ ነጭ ሄልሜት ያደረጉትም ጥቁር ካደረጉት በ24 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ነጭ ሄልሜት ከጥቁሩ በዋጋ አይለይም። የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱት አንጸባራቂ ሰደርያም ከዚህ ሁሉ ልብስ ርካሹ ነው።

ልጅዎን ሲጭኑ

የእናት ሄልሜት ለልጅ አይሆንም፤ ሲወድቅ ይዞርና ፊቱን ይሸፍነዋል። ልጁ የራሱ ልክ ያስፈልገዋል። ያድግበታል ተብሎም ትልቅ አይገዛም፤ ትምህርት ቤት ጫማ አይደለምና። እግሩ መርገጫው ላይ የማይደርስ ልጅ ለመጫን ገና ነው። ሕፃን አዝሎ መንዳት ወይም ልጅን ከፊት ለፊት ማቆም ግን በምንም ልብስ የማይካካስ አደጋ ነው። ለልጁ ሄልሜት የሚሆን ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ በእግር ወይም በታክሲ መሄዱ ይሻላል።

አገዛዝዎ በየተራ ይሁን

እንግዲህ ሁሉንም ባንድ ጊዜ መግዛት አይጠበቅብዎትም። ስኩተሩን ገና ካልገዙ፣ የሄልሜቱን ዋጋ አስቀድመው ከዕቁቡ ገንዘብ ላይ ይቀንሱ፤ ልጅ የሚጭኑ ከሆነም የሁለት ሄልሜት። በመጀመሪያው ወር ሄልሜትና አንጸባራቂ ሰደርያ ይግዙ፤ ጫማውን ከቤትዎ ይምረጡ። በሁለተኛው ወር ጓንት፣ በሦስተኛው የጉልበት መከላከያ ይሁን። ጃኬቱን ደግሞ ሳይቸኩሉ ከሰልባጅ ፈልገው ለልብስ ሰፊ ይስጡ። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው።

ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የልብስ ሰፊ ሜትር ያውጡና የራስዎን ዙሪያ ይለኩ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ቦርሳዎ ውስጥ ይክተቱት። ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ነጋዴው «ይኼ ለሁሉም ይሆናል» ቢልዎት፣ ወረቀቱን አውጥተው ያሳዩት።